ከፍሪጅ ስለተያዘው ጆሮ የወ/ሮ አትጠገብ ጂግሶ ቃል

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ አትጠገብ ጂግሶ
ዕድሜ፦ 56
ሥራ፦ ቤት አከራይ
አድራሻ፦ ዲላ ከተማ፣ ባሬዳ ቀበሌ
ቀን፦ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቃሉን የተቀበለው፦ ኮንስታብል ነብዩ ዶሪ

እኔ ስሜ ከላይ የተገለጸው ምስክር ተጠርጣሪዋን ወ/ት ቤቴልን የማውቃት ተከራዬ ስለሆነች ነው። የሰው አካል ደብቃ ተገኘች ተብላ ከትናንት ጀምሮ ታስራለች። በፍሪጅሽ ውስጥ ጆሮ አይተሻል ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ አይቻለሁ። የሰው ነው ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ አይደለም። ደግማችሁ ብትጠይቁኝም አይደለም።

ወ/ት ቤቴል ዩኒቨርሲቲ የምታጠናው ልም አጥንትን ነው፤ ይኸውም ጆሮን የሚያቆመውና በጉልበት መገጣጠሚያ ያለው ሲሆን፣ አንዴ ካለቀ መልሶ አይበቅልም። ቀኝ ጉልበቴ ምስክር ነው። እርሷ እንዳስረዳችኝ፣ ለሕንፃ መጀመሪያ የባሕር ዛፍ ርብራብ እንደሚቆም ሁሉ አዲስ ልም አጥንትም የሚበቅልበት ርብራብ ይፈልጋል። ያንን የምትሠራው የበሬ እግር ተቀቅሎ ከሚወጣው ሙጫና ከእንሰት ቡላ ነው። ቡላውን ከገደብ ከተማ ያስመጣሁላት እኔ ነኝ። ወንጀል ከሆነ ግብረ አበር ብላችሁ ጻፉኝ። አጥንቱ የተሰበረ ሰው እንሰት ሲበላ በኖረበት አገር ይህን ማስረዳቴ ራሱ ይገርመኛል። ለምን በጆሮ ቅርጽ ሠራሽው ብላት፣ "ጉልበት ውስጥ ያለውን ማን ያያል እትዬ? ጆሮ ግን ሁሉም ሰው ያውቃል" ብላኛለች። እውነትም ሁሉም አወቀ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሌላው ተከራዬ አቶ ሠረቀብርሃን ለስላሳውን ሊያወጣ የጋራ ፍሪጃችንን ከፍቶ "የሰው ጆሮ!" እያለ በካልሲው መንገድ ወጣ። ጆሮ ብርቅ የሆነበት ምክንያት አልገባኝም፤ የራሱ ከየበራችን ላይ ተለጥፎ ነው የሚውለው። ፖሊስ መጥቶ ሳህኑን ሲያነሣ ወ/ት ቤቴል "እባካችሁ፣ ማጠንከሪያው ገና አልገባበትም፣ ከቅዝቃዜ ከወጣ ይበላሻል" ብላ ለመነች። አቶ ሠረቀብርሃን "ሰማችሁ? ሥጋ ባይሆን ለምን ይበላሻል?" አለ። ይህ እንደ ማስረጃ መመዝገቡን ሰምቻለሁ። ቲማቲምም ይበላሻል።

ኤግዚቢቱ በጣቢያው ክበብ ፍሪጅ አድሯል። ፖሊስ ጆሮ በፍሪጅ ሲያሳድር ማንም አላሰረውም። ዛሬ እንድለየው መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ቀረበልኝ፤ ፀሐይ ነበር። መርማሪው ኮንስታብል ነብዩ "የሰው ጆሮ ነው" ብዬ ብፈርም ወደ ቤቴ እንደምሄድ ነገረኝ። እኔ ፈርሜ ቤቴ ስገባ ልጅቷ ወህኒ ልትገባ ነው፤ አልፈርምም አልኩ። ማንኪያ አምጣና ልብላው ብል፣ ኤግዚቢት አይበላም ተባልኩ።

ስንከራከር ጆሮው ዘመም አለ። ቀጥሎ ሳህኑ ላይ ተኛ። ቀጥሎ ፈሰሰ።

"ልጄ ነብዩ፣ ያንተ ጆሮ ፀሐይ ሲያገኘው ይቀልጣል?" አልኩት። ጣቱን ነክሮ አሻሸ፣ አሸተተ።

"የየት ልጅ ነህ?"

"የጨለለቅቱ።"

"እናትህ በምን አሳደገችህ?"

ድምፁን ዝቅ አድርጎ "በቡላ" አለ። ይህም ይጻፍ ብዬ ጠይቄ፣ ቅር እያለውም ቢሆን ጽፎታል።

የልጅቷ የወራት ድካም ቀልጦ ቀርቷል። ስለ ጆሮው የግድ ሰው መታሰር ካለበት፣ ያቀለጠው የማን ጠረጴዛ እንደሆነ ይጣራልኝ። እርሷ ሳትፈታ ከዚህ ወንበር አልነሣም፤ እስክሪብቶም አልይዝም።

ቃሌ ተነብቦልኝ ባልቀለጡት ሁለት ጆሮዎቼ ሰምቼዋለሁ፤ ከእውነት የጎደለም የተጨመረም የለበትም።

የምስክር ፊርማ፦ አትጠገብ ጂግሶ (ወ/ት ቤቴል ተፈትታ አጠገቤ ከቆመች በኋላ የፈረምኩ)

ቃሉን የተቀበለው፦ ኮንስታብል ነብዩ ዶሪ (ከፊርማው ጎን ያለው የቡላ አሻራ የራሴ ነው)