የድንቢጥ መስመር

አክስቴ ሕፃናት ትመዝናለች። ጤና ጣቢያው ውስጥ ከመርፌ ክፍሉ ቀጥሎ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ ጨቅላውን ሚዛን ላይ አስተኝታ ኪሎውን ታነባለች፤ ከዚያ በእድገት ካርዱ ላይ ነጥብ አድርጋ ካለፈው ወር ነጥብ ጋር በመስመር ታገናኘዋለች። እናቶቹ «እትዬ ሚዛን» ይሏታል። የእኔ ሥራ ተራ መጥራትና ሕፃን ያረጠበውን ሚዛን መወልወል ነው። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ስላቆምኩ ከዚህ የበለጠ ሥልጣን አልተሰጠኝም፤ ጆሮዬን ግን ማንም አልከለከለኝም።

አክስቴ ቀኑን ሙሉ የምትናገረው አንድ ነገር ነው። አንዷ እናት የጎረቤቷ ልጅ ከልጇ እኩል ተወልዶ አሁን እጥፉን ያህላል ብላ ስታዝን፣ «የጎረቤትሽን ልጅ እዚህ አምጥተሽዋል? አላመጣሽውም። እንግዲያው የራስሽን መስመር እዪ» ትላታለች። ንግግሩን በቃሌ ስለያዝኩት እሷ አንድ ቀን ቢያማት ብተካት ማንም አይነቃብኝም።

ያን ቀን ጠዋት ግን ፊቷ ጨፍግጓል። ምክንያቱ ልጇ ናት። ድንቢጥ ነው የምንላት፤ አሥር ዓመቷ ነው። በየትምህርት ቤቱ በአንድ ቀን የሚሰጠውን የሒሳብ ፈተና ውጤት ትናንት ይዛ መጣች፤ ወረቀቱ ላይ 38 ይላል። አክስቴ ከመቶ ሠላሳ ስምንት ብላ አነበበችና የምትቀመጥበት ፈለገች። የጎረቤታችን ልጅ ደግሞ ሰማንያ አምጥቷል፤ እናቱ ይህን ሳንሰማ እንዳንቀር ብላ በሩን እንኳ ሳታንኳኳ ገብታ ነግራናለች። አክስቴ እዚያው ፈረደች፤ ድንቢጥ ክፍሉን ትደግማለች። ዛሬ ከሥራ ስትወጣ ትምህርት ቤቱ ሄዳ ልትናገር ነው።

ድንቢጥ አልተከራከረችም። ልንተኛ ስንል ብቻ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆና፣ «የትንንሾቹ ወንበር ጉልበቴን ያስገባልኛል?» ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ።  ብርድ ልብሱን እስከ አንገቷ ሳብኩላት።

እንግዲህ ተራ ስጠራ ልጇን በፎጣ ጠቅልላ የገባችው ማን ብትሆን ጥሩ ነው? የድንቢጥ የሒሳብ መምህርት። ድንቢጥን ከትምህርት ቤት የማመጣት እኔ ስለሆንኩ አውቃታለሁ፤ አክስቴ ሥራ ላይ ስለምትውል አይታት አታውቅም። እኔም ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ።

የመምህርቷ ዓይን አብጧል። አክስቴ ልጁን አስተኛችው፣ መዘነችው፣ ነጥቧን አደረገች።

«ምን ሆነሽ ነው ያለቀስሽው፣ ልጄ?»

«ትንሽ ነው እኮ፣ እትዬ። አማቴ የባሌን እህት ልጅ አጠገቡ አስተኝታ አሳየችኝ።»

«አማትሽ ሚዛን ናት?» አለች አክስቴ። «ነይ እዪ። አዎ፣ ከብዙዎቹ እኩዮቹ በታች ነው፤ አልዋሽሽም። ግን ሲወለድ የት ነበር? እዚህ ታች። አሁንስ? እየወጣ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ወፍራም ሆኖ መስመሩ የሚወርደው ነው። እሱን ሁሉም ሰው እየሳመ ስለሚያልፍ መውረዱን የሚያይለት የለም።»

መምህርቷ በፎጣው ጠርዝ እንባዋን ጠረገች። ሰው ያጽናና ሰው ደግሞ ወዲያው መጽናናት ያምረዋል፤ አክስቴ ልጁን እያለበሰች የራሷን ጉድ መዘርገፍ ጀመረች። ልጇ በሒሳብ ከመቶ ሠላሳ ስምንት እንዳመጣች፣ ጭንቅላቷ በእናቷ ሳይወጣ እንዳልቀረ፣ ዛሬ ሄዳ ክፍል እንደምታስደግማት ነገረቻት።

መምህርቷ ቀና ብላ እኔን አየችኝ፤ ከትምህርት ቤቱ በር ታውቀኛለች። «ያቺ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ የምትሰካዋ ልጅ ናት?»

የአክስቴ እጅ የልጁ ልብስ ቁልፍ ላይ ቀረ። ቀስ ብላ ወደኔ ዞረች። እኔ የደረቀውን ሚዛን እየወለወልኩ ነበር።

ንግግሯ ወዲያው በአክብሮት ተሞላ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ መምህርት፣ እርስዎ መሆንዎን ባውቅ እንዲህ አልዘባርቅም ነበር።»

«ኧረ ምንም አይደል፣ እትዬ። ግን ሠላሳ ስምንቱን ምን ብለው አነበቡት?»

«ከመቶው ሠላሳ ስምንቱን አገኘች፣ ሌላውን ጣለች።»

«እሱ የጥያቄ ቁጥር አይደለም። መቶ እኩዮቿ በውጤታቸው ቢሰለፉ ሠላሳ ስምንቱ ከኋላዋ ናቸው ማለት ነው። እርስዎ ካርድ ላይ የሚያነቡት ዓይነት ቁጥር ነው።»

አክስቴ በቀላሉ የምትረታ ሴት አይደለችም። «ቢሆንስ? ስድሳው ከፊቷ ቆሟል። ተራዋ መቼ ሊደርስ ነው?» እኔ ተራ ጠሪ ስለሆንኩ ክርክሩ ልክ መሰለኝ።

«ከመሀል በታች ናት፤ አልዋሽዎትም» አለች መምህርቷ። ቃሉን ከማን እንደተበደረችው ሁላችንም ገባን። «አምና ስንት ነበራት?»

አክስቴ አላስታወሰችም። «ሃያ አንድ» አልኩ እኔ ከሚዛኑ በኩል።

«እንግዲህ ይመልከቱ። ዓመቱን ሁሉም ልጅ ተምሯል። እሷ ከዚያው ከቦታዋ እንዳትወርድ እንኳ ከነሱ እኩል መራመድ ነበረባት። እሷ ግን አልፋቸው መጣች። እንዲህ ያለው ልጅ ነው ክፍል የሚደግመው?»

«ድንገት ቀንቷት ቢሆንስ?»

መምህርቷ ጥያቄውን ወደደችው። «ልጅ ጡት ጠግቦ መጥቶ ከብዶ ቢገኝ እርስዎ ምን ያደርጋሉ?»

«በሚቀጥለው ወር እመዝነዋለሁ። እጅ እግሩንም አየዋለሁ።»

«እኔም በፈተና ብቻ አልፈርድም። ደብተሯን አያለሁ፣ ሰሌዳ ላይ አወጣታለሁ። አምና የምትደምረው በጣቷ ነበር። ዘንድሮ ማባዛቱን ጨርሳ ክፍልፋይ ላይ ነው የምትወድቀው። ክፍልፋይ ላይ ለመውደቅ እኮ መጀመሪያ እዚያ መድረስ ያስፈልጋል፣ እትዬ። ብትደግም የሚሰጧት ያለፈችውን ነው። የጎደላትን ግን ከክፍል በኋላ እኔ ጋ ብትቆይ እንሞላዋለን።»

አክስቴ የልጁን ካልሲ አስተካከለች። ከዚያ የመጨረሻዋን ጥይት ተኮሰች። «የጎረቤታችን ልጅ ግን ሰማንያ አምጥቷል።»

እዚህ ላይ አላስቻለኝም። «አምና እናቱ ዘጠና አንድ ብላ አልነበር የነገረችን? ያኔም ሳታንኳኳ ነው የገባችው።»

አክስቴ ካልሲውን እንደያዘች ቀረች። «ወረደ?» አለች፤ ለሕፃናት ብቻ በምታወጣው ድምፅ። «ምስኪን። ሁላችንም እየሳምነው አለፍን።»

መምህርቷ በአንድ ጊዜ መውረድ ክፉ መጠርጠር እንደማይገባ፣ ሆኖም እናቱ ምን እንደከበደው ብትጠይቀው መልካም እንደሆነ ተናገረች። እኔም ነገር ከተነሳ አይቀር ብዬ የድንቢጥን የወንበር ጥያቄ ነገርኳቸው።

አክስቴ እናቶች የሚቀመጡበት ወንበር ላይ ቁጭ አለች። እዚያ ስትቀመጥ አይቻት አላውቅም። «ጉልበቷ ነው ያሳሰባት?» አለች። ቀጥላም፣ «ለስንቷ እናት ነው በየቀኑ የራስሽን መስመር እዪ የምላት? ለልጄ ግን የጎረቤት ልጅ ይዤ መጣሁባት» አለች።

«እኔስ?» አለች መምህርቷ። «ስንት ወላጅ አስቀምጬ ልጅ ከልጅ አታወዳድሩ እላለሁ። የራሴን ግን ከዘመዱ አጠገብ አስተኝተው ሲለኩት ቆሜ አለቀስኩ።»

ተያይተው ሳቁ። አክስቴም «መምህርት»፣ «እርስዎ» የሚለውን ሁሉ ረሳችው። «በይ ልጄ፣ እቀፊው፤ ይበርደዋል።»

ወላጆች ሆይ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን የማይተርት ወላጅ የለም፤ እንቁላሉን ለምን አልሮጥክም ብሎ የማይቆጣም አላየሁም። ውጤት ሲመጣ መጀመሪያ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ መምህሩን ጠይቁ። ከዚያ የአምናውን ፈልጉና አጠገቡ አስቀምጡት። ዝቅ ብሎ የሚወጣ ልጅ ስድብ ሳይሆን መሰላል ነው የሚፈልገው፤ ከፍ ብሎ የሚወርደውንም ከመሳማችሁ በፊት ምን እንደከበደው ጠይቁት። እንዲህ ያደረገ ቤት ልጁ ውጤቱን አይደብቅበትም፤ የጎደለውም ሳይሰፋ ይሞላል። ደግሞም እባካችሁ፣ የሰው ቤት ስትገቡ አንኳኩ።

ያን ማታ አክስቴ ባዶ የእድገት ካርድ ይዛ ገባች። ድንቢጥ ጠረጴዛው ዳር አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነበር። አክስቴ ካርዱ ላይ ሁለት ነጥብ አድርጋ በመስመር አገናኘቻቸው።

«ይቺ ማን ናት፣ እማ?»

«አንቺ ነሽ። አምና እዚህ፣ ዘንድሮ እዚህ። ክፍል አትደግሚም።»

ድንቢጥ እርሳሷን ከጆሮዋ አውጥታ መስመሩን ደገመችበት፤ ከዚያ ባዶውን የላይኛውን ቦታ በጣቷ ነካችው። «ገና ቦታ አለው» አለች።

አክስቴ ያን ጊዜ ሌላ ባዶ ካርድ አወጣችና እኔን አየችኝ። «አንቺን ግን አንድ ቀን መዝነን ተውንሽ» አለች። «የማታ ትምህርት ምዝገባ እስከ ዓርብ ነው።»

እኔ ሚዛንሽ የኔን ኪሎ አይችልም ብዬ ቀለድኩ፤ ካርዱን ግን ተቀበልኳት። ድንቢጥ አግዳሚው ላይ ጠጋ አለችልኝ። ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ከጠረጴዛው ሥር ገባ።