የአጎቶቹ ደም

(ሕፃኑ በተወለደ በስምንተኛው ቀን ጠዋት፣ በአራሷ ክፍል። ስንዱ ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች፤ እናቷ ወይዘሮ አገሬ ሊቀበሏት እጃቸውን ዘርግተዋል፤ ገራዡ መኳንንት ደጅ ተቀምጦ ይጠብቃል።)

አገሬ፦ ስጪኝ እንጂ። ሰውየው ከመጣ ቆየ።

ስንዱ፦ አልሰጥሽም፣ እማዬ። ምላጭ አይነካውም።

አገሬ፦ ስምንት ቀኑ እኮ ነው። ሳይገረዝ ሊያድግ ነው? ሰው ምን ይለናል?

ስንዱ፦ ያሻውን ይበል። ይሁኔም ደሳለኝም በስምንት ቀናቸው ተገርዘው፣ ደማቸው አልቆም ብሎ ነው የሄዱት።

አገሬ፦ የወንድሞችሽን ስም ዛሬ አታንሺብኝ። እነሱን የጨረሳቸው የጫኔ እጅ ነው፤ እጁ አይቀናም ነበር። ለዚህ ብዬ አይደል መኳንንትን ከወንዝ ማዶ ያስመጣሁት?

ስንዱ፦ ጫኔ የሰፈሩን ወንድ ሁሉ ገርዟል። ባሌንም የገረዘው እሱ ነው። የሞቱት ያንቺ ልጆች ብቻ ናቸው።

አገሬ፦ ምን ልትዪኝ ነው?

ስንዱ፦ ሐኪሟ የነገረችኝን። ደም ያለመርጋት በሽታ በዘር ይወርዳል። እናት ትሸከመዋለች፤ እሷን ሳያማት ወንድ ልጇ ላይ ይወጣል።

አገሬ፦ እኔ ነኛ የገደልኳቸው።

ስንዱ፦ አልወጣኝም።

አገሬ፦ ስንቴ ቢላ ቆርጦኝ ወዲያው ደርቋል። ጤነኛ ነኝ።

ስንዱ፦ እኔም ጤነኛ ነኝ። ግን ከአንቺ ወርሼ ለሱ አውርሼው ይሆናል። ፈራሁ፣ እማዬ። በጣም ፈራሁ።

አገሬ፦ በ"ይሆናል" ገራዥ ከደጅ ይመለሳል?

ስንዱ፦ ደሙን ወደ ከተማ ልከዋል፤ እስኪታወቅ ጠብቂ ነው ያሉኝ። ከዚያ ሐኪም ቤት፣ መድኃኒቱ ተዘጋጅቶ ይገረዛል።

አገሬ፦ አባቱስ ምን አለ?

ስንዱ፦ እኔን አራስ ናት፣ ትቃዣለች ይለኛል። አንቺ ካልሽው ብቻ ነው የሚሰማው። እግርሽ ላይ ልውደቅ?

አገሬ፦ ተይ፣ ተነሺ። ወገብሽ ገና አልጠናም።

ስንዱ፦ እንግዲያው ይህን እይ። የተወለደ ዕለት ጭኑን በመርፌ ወጉት፤ ሌላ ምንም አልነካውም።

አገሬ፦ ምነው እንዲህ ጠቆረ?

ስንዱ፦ ሐኪሟም ይህን አይታ ነው ስለ ወንድሞቼ የጠየቀችኝ።

አገሬ፦ ደሳለኝም ሳጥበው የያዝኩት ቦታ እንዲህ ይጠቁር ነበር። እጄ ከብዶበት መስሎኝ…

ስንዱ፦ እማዬ፣ ሰውየው እየተጣራ ነው።

አገሬ፦ ሸፍኚው፣ ብርድ እንዳይመታው። መኳንንትን እኔ እሸኘዋለሁ። ባልሽም አማትሽም ከማን ወረሰው ካሉ ከአያቱ በያቸው፤ ያንቺን ስም እንዳያነሱ።