ካሌብ ለአባቱ የዘፈነው

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ሬጌ እንዲህ ስልክ ነካ ነካ ተደርጎ ዓለም የሚዞር ነገር አልነበረም፤ ዘፋኙ ቢዘፍን፣ እኔ ቤዝ ጊታሬን ብመታ፣ ፕሮዲውሰር ካልያዘው ከሰፈር አይወጣም። ማለቴ፣ ጃማይካዎቹንም ቢሆን ዓለም የሰማቸው እኮ ፕሮዲውሰሮች ቁጭ ብለው፣ ቤዙን ቀነስ ጊታሩን ጨመር እያደረጉ ለፈረንጅ ጆሮ ስላስማሙላቸው ነው።

ታዲያ ካሌብ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ፣ ሻሸመኔ የተወለደ፣ አባቱ ጃማይካዊ እናቱ የእኛው አገር ሰው፣ እና እዚህ በስደት አገር ኤርፖርት ሻንጣ ይጭን ነበር፣ ድምፁ ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ መንገደኛ ያስቆማል። አባቱ ሻሸመኔ ሲሞት የመኖሪያ ወረቀቱ ስላላለቀ ለቀብር መሄድ አልቻለም፣ እና እዚሁ ሆኖ ዘፈን አወጣለት። ዘፈን አልኩ እንጂ ልቅሶ ነው። መጀመሪያው ላይ የአባቱ ከበሮ አለ፣ ሽማግሌው ለጸሎት ሲመታ ካሌብ በካሴት የቀዳው፣ ዱም… ዱም… ቀስ ብሎ፣ ከዚያ እሱ "አባዬ" ብሎ ይገባል።

ታዲያ እዚህ ቅርብ፣ ሪቻርድሰን ከተማ፣ ኤልያስ የሚባል ፕሮዲውሰር ነበረ፣ አልዋሽም፣ ጆሮ ያለው ልጅ ነው። ዘፈኑን ሰማና ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ ምን ይላል፣ "ካሌብዬ፣ ይሄን ዓለም መስማት አለበት፣ ግን እንዲህ ሆኖ አይሄድም። ፈረንጅ ይሄን ሁሉ ከበሮ ቁጭ ብሎ አይጠብቅህም። ከበሮውን እናውጣው፣ ፈጠን እናድርገው፣ አዝማቹን በእንግሊዝኛ በለው።"

"ከበሮው አባቴ ነው" አለው ካሌብ።

"አውቃለሁ ወንድሜ፣ አውቃለሁ። አባትህን ዓለም እንዲያውቀው አትፈልግም?"

"ኦኬ" አለ ካሌብ።

እና ዘፈኑ ሄደ! ለንደን ሄደ፣ ጃፓን ሄደ። ኤልያስ ኮል ያደርግልኛል፣ "ጋሼ ታደሰ፣ ጃፓኖች እየጨፈሩበት ነው እኮ!" ይላል፣ ልጅ የወለደ ነው የሚመስለው። ካሌብም መጀመሪያ ደስ ብሎት ለእናቱ ላከላት። ታዲያ አንድ ቀን ከሥራ ወጥተን መኪናዬ ውስጥ ሆነን ደወለች፣ ስልኩን ከፍ አድርጎታል፣ ሰማኋት። "ሰማሁት የኔ ልጅ፣ ያምራል" አለች። "አባትህ ግን የቱ ጋ ነው?" አለችው። በቃ፣ ይቺኑ ነው ያለችው። ካሌብ ግንባሩን መስኮቱ ላይ አስደግፎ… ተዉት እስቲ።

ኤልያስ ጋ ሄደ፣ "ከበሮ ያለበትን የመጀመሪያውን ስጠኝ፣ ለእናቴ ልላክላት" አለው። ኤልያስ ፈለገ፣ ፈለገ፣ የድሮው ኮምፒውተር ተበላሽቶ ተጥሏል፣ የለም። ካሴቱንም ቴፕ በልቶታል። ኤልያስ አለቀሰ እላችኋለሁ። ክፉ ሰው አይደለም፣ እሱ ባይኖር ዘፈኑን ማን ይሰማው ነበር? እኔ መውቀስ ያቅተኛል፣ ካሌብም አልወቀሰውም። ግን መዝፈን ተወ፣ ስንለምነው "ደክሞኛል" ይለናል፣ እና አምና በዚህ ጊዜ እዚሁ ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ከቤቱ አውጥተን ቀበርነው።

(ይሄኔ ከሚሰሟቸው መካከል የጎረቤታቸው ልጅ ሳራ አቋረጠቻቸው።)

"ጋሼ፣ ሶ… ያ ዘፈን ልቅሶ ነው? እኔ እኮ ሰርጌ ላይ የጨፈርኩበት ነው።"

"አዎ የኔ ልጅ። ካሌብም ነበረ። ተነስቶ አጨበጨበልሽ።"