ሰባት ቤት ተቆጥሯል

ከልደታ ወደ መርካቶ በሚሄደው ሚኒባስ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል። አንዷ የተኛ ሕፃን ታቅፋለች፤ ሌላዋ የባሏ እህት መሆኗን ያወቅኩት ከክርክራቸው ነው።

«በእኛ ዘር ጭንቅላቱ ትንሽ ሆኖ የተወለደ የለም። የለም አልኩሽ!»

«ኧረ በማርያም! ሐኪሙ ሲነግረን አጠገቤ አልነበርሽም?»

«ነበርኩ። ጂን ምናምን አለ።»

«የፅንሱን አንጎል የሚያሳድገው፣ ከወላጅ የሚወረስ ጂን ተበላሽቶ ከእኔም ከወንድምሽም ደረሰው ነው ያለው።»

«ወንድሜ ጤነኛ ነው! ዲግሪ አለው!»

«እኔስ ምን ሆንኩ? አንድ የተበላሸ ብቻ የያዘ ሰው ምንም አይሆንም አለ እኮ!»

«ይኸው ጂን ዓሣም ዶሮም ውስጥ አለ ሲልስ? ከዶሮ ሊያዛምደን!»

«አቤት! ከዚያ ሁሉ የያዝሽው ዶሮውን ነው? እናትሽ ደግሞ ‹ከእሷ ዘር ነው› ብለው ለሰፈሩ አውርተው ጨርሰዋል።»

«ታዲያ ምን ይበሉ? ስትጋቡ ሰባት ቤት ተቆጥሯል። ምንም አልተገኘም።»

«የተቆጠረው ዝምድና ነዋ! ይሄን ማን ቆጥሮ ያውቃል?»



«ቆይ… ወንድሜ ከያዘው ከእናቴ ወይ ከአባቴ ነው ያገኘው ማለት ነው?»

«ተመስገን! ገባሽ።»

«እኔም ልይዘው እችላለሁ?»

«ሰርግሽ ሳይደርስ ተመርመሪ ብዬ ሐኪሙ ጋ ጎትቼ የወሰድኩሽ ታዲያ ለምን መሰለሽ?»

መውረጃዬ ተክለ ሃይማኖት በመስኮት ሲያልፍ እያየሁ፣ መጨረሻቸውን ሳልሰማ «ወራጅ አለ» ማለት አቃተኝ።