ደም በብርሃን ሲለካ

ለጉዳይ ወደ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ወርጄ ሳለ አክስቴን ወይዘሮ ሸዋገነትን አንድ ክሊኒክ በር ላይ አገኘኋት። ኮልፌ ገበያ የግንባታ ዕቃ ትሸጣለች። ለመገጣጠሚያ ሕመሟ የታዘዘላት ኪኒን ፊቷን አሳብጦታል።

«ዛሬም የደምሽ ቁጥር ከፍ ካለ ኪኒኑን እጥፍ አደርገዋለሁ ብሎኛል ሐኪሙ። ና፣ አብረን እንጠብቅ» አለችኝ። እምቢ ማለት ስለማልችልበት ገባሁ።

ቁጥሩ ቀይ የደም ሴሎች በቀጭን ቱቦ ውስጥ በአንድ ሰዓት ስንት ሚሊሜትር እንደሚዘቅጡ ያሳያል። በሰውነት ውስጥ ብግነት ሲኖር ቶሎ ይዘቅጣሉ። በላቦራቶሪው ሠላሳ ዓመት ቱቦ ያቆሙት አቶ ገብረወልድና ከዩኒቨርሲቲ በቅርቡ የወጣችው ኤቢሴ ይሠራሉ። ክሊኒኩ በብርሃን የሚለካ ማሽን ከገዛ ሳምንቱ ነው። በየትኛው እንደሚለካ ስላልተስማሙ የአክስቴን ደም ሁለቱም በየራሳቸው ለኩት። ማሽኑ በጥቂት ደቂቃ ሃያ አራት አለ፤ ቱቦው አንድ ሰዓት ቆሞ አርባ አንድ።

«ይኸው» አሉ አቶ ገብረወልድ። «ሴሎቹ ጉዞ ሳይጀምሩ የት እንደሚደርሱ ማሽንሽ በምን አወቀ? ጠንቋይ ነው?»

«ያያል እንጂ አይጠነቁልም፣ ጋሼ። ሴሎቹ ከመዝቀጣቸው በፊት እንደ ተደራረበ ሳንቲም ይጣበቃሉ። ሲጣበቁ ክፍተቱ ይሰፋል፤ ብርሃንም በብዛት ያልፋል። ማሽኑ ያንን ለክቶ በሰዓት ስንት እንደሚወርዱ ያሰላል።»

«እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የማምነው።»

«ዓይንዎን አልጠረጠርኩም። ቱቦው ቀጥ ብሎ መቆሙን ነው እንጂ።»

«እኔ ቱቦ ማቆም ስጀምር አንቺ አልተወለድሽም።»

አክስቴ ከላቦራቶሪው በር ላይ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ቱቦው የቆመበትን ጠረጴዛ አየች። «ይቅርታ አቶ ገብረወልድ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ለግንበኛ ውሃ ልክ ሸጬ የዚህ ጠረጴዛ ማጋደል ካልታየኝ ሱቄን ብዘጋ ይሻላል።»

ኤቢሴ ስልኳ ላይ ያለውን ውሃ ልክ ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አረፋው ወደ ዳር ሸሸ።

አቶ ገብረወልድ ጎንበስ ብለው ወለሉን አዩ። «ይህ ክፍል ልብስ ማጠቢያ ነበር» አሉ። «ውሃው እንዲወርድ ወለሉ ተዳፋት ነው። ከሦስት ወር በፊት ጠረጴዛውን እዚህ ያስገባሁት እኔው ነኝ።»

የአክስቴ ቁጥር ማሻቀብ የጀመረውም ያኔ ነበር። ቱቦ ሲያጋድል ሴሎቹ በጎኑ ተንሸራተው ቶሎ ይወርዳሉ።

ሽማግሌው ከጠረጴዛው እግር ሥር ካርቶን አጥፈው ሸጎጡ፤ ከዚያው ደም ሌላ ቱቦ አቆሙ። ማናችንም ሳንሄድ ሰዓቱ አለፈ። ሃያ ስድስት ሆነ።

«ልክ ነሽ» አሏት።

«ማሽኑም ይሳሳታል፣ ጋሼ። ብርሃን የሚያልፍበት ከቆሸሸ አይታመንም። በየሳምንቱ ከእርስዎ ቱቦ ጋር እናስተያየዋለን።»

«ጠረጴዛው እንደ ክብር እንግዳ ከተደገፈ» አሉና ሳቁ።

እኔ እንደማየው የሽማግሌው ስህተት በቱቦ መለካታቸው አልነበረም፤ ለቱቦው ሁለተኛ ምስክር አለመፈለጋቸው ነው። በማሽኑ በሽተኛ አንድ ሰዓት አይጠብቅም፤ ለሌላ ምርመራ የተቀዳው ደም ይበቃል፤ ባለሙያውም ደም አይነካካም። አክስቴን በተመለከተ ሐኪሟ ኪኒኑን አልጨመረም፤ እንዲያውም ሊቀንስላት ቀጠሮ ሰጣት።

ልንወጣ ስንል አቶ ገብረወልድ የሦስት ወሩን መዝገብ ዘርግተው ስልክ ይዘው ነበር። ኤቢሴ ልደውል ብትላቸው እምቢ አሉ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ከላቦራቶሪው ነው» ይሉ ነበር። «ባለፈው የሰጠሁዎት ቁጥር ልክ አይደለም፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ሲመቸዎት ብቅ ይበሉ። አዎ፣ ዛሬም ይሆናል፤ አሁን ብዙ አናስጠብቅም።»