የፌብሮንያ ስም ከቤተ ክርስቲያን በር ሲነሳ

የሰሙነ ሕማማት ሰኞ ጧት ነው። ፌብሮንያ በዴር አቡ ሐልፋ መንደር የጀልባ መሻገሪያ ላይ ሻንጣዋን አቅፋ ስትጠብቅ፣ ከማዶ ከመጣችው ጀልባ አጎት ስድሆም ወረዱ። የቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂ ናቸው፤ ምሰሶዎቹ በሕማማት የሚለብሱትን ጥቁር ጨርቅ ከከተማ አሰፍተው ተሸክመዋል።

«በሕማማት ሳምንት ወዴት ነው፣ ልጄ?»

«አክስቴ ዘንድ። የሰው ስም በር ላይ ወደማይለጠፍበት አገር።»

በመንደሩ ሁለት ሰዎች ሲተጫጩ ካህኑ ይጸልዩላቸዋል፤ ተቃውሞ ያለው እንዲናገርም ስማቸው በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አንድ ወር ይለጠፋል። የፌብሮንያና የናሺድ ስም በሃያኛው ቀን ተነሳ። የእናቷ የእስቲር እጆች ለምጽ አለባቸውና የናሺድ እናት «በዘር ይተላለፋል» ብላ ልጇን አስተወችው። ስሟ የተነሳ ልጅ ደግሞ ከሌላ ወንድ ጋር እስኪለጠፍ ድረስ ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ይህን ጳጳስ አልጻፈውም፤ መጽሐፍም አልተናገረውም። ጎረቤት ያወጣው ሕግ ግን ከሁለቱም ይልቅ ይከበራል።

«መሄዱስ ይሁን። እዚያ ትጸልያለሽ?»

«ለማን? ሦስት ዓመት ጾሜ የለመንኩትን ሰጥቶ፣ በገዛ ቤቱ በር ላይ አዋረደኝ። አልፈልግሽም ያለኝ ናሺድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ትፍ ብዬ ባለፍኩ።»

«አይ ይሄ ምላስሽ!»

«ምላሴን ይተዉት። በሩ ላይ የተለጠፈው እሱ አይደለም።»

ሽማግሌው ሳቅ አመለጣቸውና ወዲያው አፈሩ። ጨርቁን ድንጋይ ላይ አሳርፈው ተቀመጡ።

«እግዚአብሔር የሚሻል አዘጋጅቶልሽ ይሆናል።»

«ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የተዘጋጀልኝ ካለ መንገድ ጠፍቶበታል። እንዲህ እያሉ የሚያጽናኑኝ ሴቶች ሁሉ ባል አላቸው፣ አጎቴ።»

አጎት ስድሆም «እውነትሽን ነው» አሉ። «ላይመጣም ይችላል።»

በሁለት ወር ውስጥ የሰማችው የመጀመሪያው እውነት ይህ ነበር።

«አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። ወረቀቱን ያነሳሁት እኔ ነኝ። የናሺድ እናት አዘዘችኝ፣ በጥፍሬ ፍቄ አነሳሁት። የኔን ጥፍር የእግዚአብሔር እጅ አታድርጊው።»

«እያየ ዝም አለ እኮ!»

«ዝም አለ። ልጁ ሲሰቀልም ዝም ብሏል።»

«ልጁ በሦስተኛው ቀን ከመቃብር ወጣ። እኔ ሁለት ወር ሆነኝ።»

«አርብ ዕለት ሦስተኛውን ቀን ማን አወቀው? እናቱ እያለቀሰች ቆመች እንጂ አልሄደችም። መታመን ይሄ ይመስለኛል።» ከዚያ ቀና ብለው አዩዋት። «እስቲ አንቺ ለሕፃናቱ የምታስተምሪ ነሽ፤ በዚህ ሳምንት የት ቆመን ነው የምንጸልየው?»

«ከመቅደሱ ውጭ። መጋረጃው ተዘግቶ።»

«ለምን?»

መልሱን በየዓመቱ ስታስተምረው ኖራለች። «እሱ... ከከተማ ውጭ ስለተጣለ።»

«ካህኑም ውጭ፣ የናሺድ እናትም ውጭ። የተጣለበት ቦታ ወጥተን አብረነው ቆምን እንላለን፤ በእውነት የተጣለችውን ግን ቤቷ ቆልፈንባት። አርባ ዓመት በሩን ስጠብቅ ይሄ አልታየኝም።»

«እንሂድ እንጂ!» አለ ጀልበኛው። «ትሳፈሪያለሽ ወይስ ትሰብኪያለሽ?»

ፌብሮንያ አልመለሰችለትም። «ብገባ ያፈጡብኛል» አለች።

«ያፈጡብሻል።»

«ያንሾካሹካሉ።»

«ያንሾካሹካሉ። ያማል።»

«እርስዎ ማጽናናት ፈጽሞ አይችሉበትም።»

«አልችልበትም፣ ልጄ።»

ጀልባዋ ያለ እሷ ሄደች።

ናሺድ አልተመለሰም። ሌላም አልመጣም። ነገር ግን ስማቸው ተነስቶ ቤት የዋሉ ሁለት ልጆች በዚያ ሳምንት ፌብሮንያን አይተው መጡ፤ አንደኛዋ አራት ዓመት የቤተ ክርስቲያን ደጅ አልረገጠችም ነበር። ለትንሣኤም ካህኑ ያንን ልማድ በሕዝቡ ፊት ሻሩት። ሰው የጣለውን እግዚአብሔር ጣለው ብሎ የሚፈርድ መንደር ልጆቹን በከንቱ እንደሚቀብር፣ ዘግይቶም ቢሆን ለብዙዎች ገባቸው።

የዚያን ሰኞ ግን ይህ ሁሉ አልነበረም። ፌብሮንያ የእናቷን እጅ ይዛ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ሴቶቹ ፈቀቅ አሉ፤ ዙሪያቸው ባዶ ሆነ። በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ሁለቱ ቆሙ። መዝሙሩ ተጀመረ፤ የፌብሮንያ አፍ ግን አልከፈት አለ። የተዘጋውን መጋረጃ ትክ ብላ እያየች በልቧ፣ «ካልፈለግህ አታናግረኝ፤ እኔ ግን አልሄድም» አለችው።