በገብሴ የተቀጠረው ጥበቃ

በእኛ ጊዜ፣ በደርግ ጊዜ ማለቴ ነው ልጄ፣ እዚህ ስማዳ ሠርግ ያለ ባሩድ ሠርግ አይባልም ነበር። ዛሬ ርችት የምትሉት መች ነበርና፤ ጎረምሳው ራሱ ባሩዱን ይወቅጥና በጥይት ቀለህ ይጠቀጥቃል፣ ጨርቅ ይወትፍበታል፣ እና ሙሽራ ስትገባ ይለኩሰዋል፤ ድው! ጨርቁ እየነደደ የትም ይሄዳል። ታዲያ አንድ ዓመት በጎረቤት ሠርግ ያ ጨርቅ መጥቶ የባቄላ ክምሬን በላው። የዓመት ቀለቤን! ባሌ ከሞተ ገና ሁለት ዓመቱ፣ አራት ልጅ በእጄ። አመዱ አጠገብ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ።

እና የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ተነሣሁና፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይሄን ነገር መንግሥት አያግድልንም ወይ?» አልሁት። እሱ ጉሮሮውን ጠረገ፣ «እናት፣ ክልክል ከሆነማ ቆይቷል። ግን ማን ይጠብቅ? ጥበቃ ቀለብ ይፈልጋል። ሕዝቡ ያዋጣ!» አለ። ሰዉ፣ «ከየት አምጥተን?» እያለ አጉረመረመ። ማን ቀድሞ እጁን አወጣ መሰለህ? እኔ! እኔ ቂሏ! «ሁለት ቁና ገብስ እሰጣለሁ» አልሁ፤ ለዘር ካስቀመጥሁት ላይ፣ ይሰማሃል? ከዘር ላይ! ሰዉም እኔን አይቶ አፈረና ሰጠ።

ታዲያ ሞላ የሚባል ጥበቃ ተቀጠረ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ በርትቶ ነበር። ለመስቀል የጎረምሳውን ቤት ሁሉ በርብሮ ባሩዱን ለቅሞ ወሰደ፤ አንድ ቅል ሙሉ ሆነ። «የት አደረስኸው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ሊቀመንበሩ ቤት ተቀምጧል፣ እትዬ፤ የሕዝብ ንብረት ነው» አለኝ። መረቅሁት እኮ! ይሄ አፌ!

ጥር መጣና ሊቀመንበሩ ወንድ ልጁን ዳረ። ዳሱ ከአውድማዬ ቁልቁል ነው፣ ነፋሱ ወደ እኔ፤ ክምሬ ገና አልተወቃም። ሙሽራዋ በበቅሎ ብቅ ስትል ድው! ደግሞ ድው! ወጥቼ ባይ ማን ይሁን? ሞላ! የእኔን ገብስ የሚበላው ሞላ ያንን ቅል በብብቱ ይዞ ይጠቀጥቃል፣ ይለኩሳል፣ ይጠቀጥቃል፣ ይለኩሳል!

«አንተ! ክልክል አይደለም ወይ?» ብዬ ጮኽሁበት።

«ምን ላድርግ እትዬ፣ ጓድ ሊቀመንበር ናቸው ያዘዙኝ። የሙሽራዋ ወገኖች፣ ‹ለቅሶ ቤት ነው ወይ ያመጣናት?› ብለው እንዳይታዘቡን አሉ።»

ይሄን እየተባባልን ዞር ብል ክምሬ ይጨሳል። ኡኡ ብዬ ሮጥሁ፤ ሰዉም ሠርጉን ትቶ በቅጠል፣ በአፈር ተረባረበ፣ እና ምን ተረፈ? ለአንድ ወር የማይበቃ።

ሳምንት ሳይሞላ ስብሰባ ተጠራ። ሊክሱኝ ነው ብዬ ሄድሁ፣ ሞኝነቴ! ሊቀመንበሩ ብድግ አለና ምን ቢል ጥሩ ነው? «እሳቱ የተነሣው ጥበቃው አንድ ብቻ ስለሆነ ነው። ሁለተኛ ይቀጠር፤ መዋጮው ይጨመር!»

እግዚኦ! ደሜ ፈላ። ቤቴ ሄጄ ያችኑ ቁና አነሣሁ፣ ከአውድማዬ አመድ ጢም አድርጌ ሰፈርሁ፣ ተመለስሁና ጠረጴዛው ላይ፣ ደብተሩ ላይ፣ ካፖርቱ ላይ ዘረገፍሁት። «ይኸው መዋጮዬ! ባሩድህ ያስተረፈልኝ ይሄው ነው፣ ሌላ የለኝም!» አልሁት። አቤት ሲያስነጥሰው!

«ታዲያ ዝም አሉዎት፣ እማማ?»

ዝም? ሦስት ቀን አሰረኝ እንጂ! የማኅበሩ መጋዘን ውስጥ፣ ገብሳችን የተከመረበት። አራቱ ልጆቼ ጎረቤት ለጎረቤት ውለው አደሩ። በሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቀኝስ ማን መሰለህ? ሞላ! በቀዳዳው፣ «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ እኔ ትእዛዝ ነው…» ይለኛል።

«ዝም ብለህ ጠብቅ!» አልሁት። «ገብሴን የሰጠሁት እንድትጠብቅ አይደል?»

ምን ያስቅሃል አንተ? እኔን እስከ ዛሬ አላሳቀኝም።